የአባቴ የአንገት ሲቲ ስካን ውጤት፦ ከባዮፕሲው በፊት ምን ልረዳ?

የመምህሩ ልጅ

ጤና ይስጥልኝ። አባቴ 63 ዓመታቸው ነው፤ ጡረታ የወጡ መምህር ናቸው፤ የሚኖሩት ደብረ ብርሃን ነው። ከጥምቀት ወዲህ ድምፃቸው እንደጎረነነ ቀረ። መጀመሪያ ብርድ ነው ብለን ዝንጅብልና ማር፣ ቀጥሎ ከፋርማሲ አሞክሳሲሊን፣ እሱ አልሆን ሲል ሌላ ጠንከር ያለ መድኃኒት ሰጠናቸው። ከፋሲካ በኋላ ቀኝ ጆሯቸውን ያማቸው ጀመር፤ ደረቅ እንጀራ ሲውጡ ደግሞ ያንቃቸዋል። ከስተዋል፤ ነገር ግን ሁዳዴን በሙሉ ስለጾሙ ክሳቱ ከጾሙ ይሁን ከሕመሙ ለመለየት ተቸግሬአለሁ። ሲጋራ ካቆሙ ቆይተዋል፤ አረቄ ግን አልፎ አልፎ ይቀምሳሉ።

አዲስ አበባ አምጥቼ ያሳየኋቸው የአንገት በላይ ሐኪም በአፍንጫቸው በኩል ቀጭን ካሜራ አስገብቶ አየና ሲቲ ስካን አዘዘ። ውጤቱ በእንግሊዝኛ ነው የተጻፈው፤ እኔ እንደተረዳሁት ይህን ይላል፦ ከቀኝ የድምፅ አውታር ከፍ ብሎ 1.8 ሴንቲ ሜትር የሚሆን፣ በደም ሥር በተሰጠው መድኃኒት የደመቀ ሌዥን አለ፤ በማንቁርቱ ልም አጥንት ላይ ግልጽ ጉዳት አይታይም፤ በቀኝ አንገት ደረጃ 2 ላይ በአጭሩ ጎን 1.3 ሴንቲ ሜትር የሆነ፣ መሐሉ የጠቆረ ንፍፊት አለ፤ ለአደገኛ ዕጢ አጠራጣሪ ስለሆነ በፓቶሎጂ (ናሙናው በማይክሮስኮፕ ታይቶ) ይረጋገጥ።

ባዮፕሲው፣ ማለትም ለምርመራ ቁራጭ ሥጋ መውሰዱ፣ በሚቀጥለው ሳምንት በሙሉ ሰመመን ይሠራል ተብሏል። ሐኪሙ ጥሩ ሰው ነው፤ ሆኖም ከበሩ ውጭ ወረፋው ስለነበር መጠየቅ የፈለግሁትን ሁሉ ሳልጠይቅ ወጣሁ። "አጠራጣሪ" ሲሉ አውቀውት ነው የሚደብቁን? ማንቁርታቸው ታሞ ጆሯቸው ለምን ይታመማል? አጎቴ ደግሞ "ብረት ከነካው ይሰራጫል፤ አታስነኩት" ብሎ ቤተሰቡን በሙሉ አስፈራርቷል። ለአባቴ እስካሁን "እብጠት ነው" ከማለት ሌላ የነገርናቸው የለም።

ምስል አንባቢ

እህቴ፣ እኔ የራዲዮሎጂ ስፔሻሊቲ ትምህርት ላይ ያለሁ ሐኪም ነኝ። አባትሽን ስላልመረመርኩ የምጽፈው ወረቀቱን ለማንበብ እንዲረዳሽ ብቻ ነው።

የደበቀሽ የለም። ሲቲ ስካን የት እንዳለ፣ ምን ያህል እንደሆነና ምን እንደነካ ያሳያል፤ ምንነቱን ግን አይናገርም። ከአውሮፕላን ሆነሽ ማሳ ብታዪ አረንጓዴ መሆኑ ይታይሻል፤ ጤፍ ይሁን አረም የሚያውቀው ግን ወርዶ የነቀለ ነው። "አጠራጣሪ" የሚለው ቃል የሚጻፈው የምስሉ መልክ ከካንሰር ጋር የሚሄድ ሲሆን፣ ነገር ግን ሌላ በሽታም ያንኑ መልክ ሊሰጥ ሲችል ነው። አቅልለሽ አትዪው፤ እንደ ፍርድም አትውሰጂው።

ሌዥን ማለት ከጤነኛው ሥጋ የተለየ መልክ ያለው ማንኛውም ቦታ ነው። ቁስል፣ ኢንፌክሽን፣ ተራ እብጠት፣ ዕጢ፣ ሁሉም በዚህ ስም ይጠራሉ። "የደመቀ" የተባለው በደም ሥር የተሰጠው አዮዲን ያለበት መድኃኒት ደም በብዛት በሚዘዋወርበት ቦታ ስለሚጠራቀም ነው። ዕጢ ይደምቃል፤ የተቆጣ ሥጋም እንዲሁ ይደምቃል።

ደረጃ 2 ሲሉ ደግሞ የበሽታው ደረጃ እንዳይመስልሽ! ብዙ ቤተሰብ እዚህ ላይ ይደነግጣል። አንገት ላይ ያሉ ንፍፊቶች አድራሻ ነው፤ ደረጃ 2 ከመንጋጋ ማዕዘን ዝቅ ብሎ በአንገት ጎን ያለው የላይኛው ክፍል ነው። የበሽታው ደረጃ የሚወሰነው ካሜራው፣ ምስሉና ናሙናው አንድ ላይ ሲታዩ ነው።

ንፍፊት የሚለካው በአጭሩ ጎኑ ሲሆን፣ በአብዛኛው ከ1 ሴንቲ ሜትር በላይ ሲሆን ትኩረት ይሰጠዋል። ነገር ግን ከልኬቱ ይልቅ እኔን የሚያሳስበኝ "መሐሉ የጠቆረ" የሚለው ነው። መሐሉ ሞቷል ወይም ፈሳሽ ይዟል ማለት ነው። ከካንሰር የመጣ ንፍፊት እንዲህ ይሆናል። እኛ አገር ግን የንፍፊት ቲቢ በጣም የተለመደ ነው፤ እሱም በምስል ላይ ልክ እንዲሁ ይታያል። ስለዚህ አገራችን ውስጥ ይህንን ምስል አይቶ ብቻ የሚምል ሐኪም ካገኘሽ ተጠራጠሪው።

የጥሩ ዜና ያህል የምቆጥረው ልም አጥንቱ ላይ ግልጽ ጉዳት አለመታየቱን ነው። እዚህም ላይ ግን ማስጠንቀቂያ አለኝ፤ በዚህ ዕድሜ ልም አጥንቱ ወጥ በሆነ መንገድ ስለማይጠነክር በሲቲ ለማንበብ ያስቸግራል። አንዳንዴ ኤምአርአይ (በማግኔት የሚነሳ ምስል) የሚጨመረው ለዚህ ነው።

ከዚህ ሁሉ በላይ መጠየቅ ያለብሽ ወረቀቱ ላይ የሌለ ነገር ነው፦ በካሜራ ሲታይ ቀኙ የድምፅ አውታር ይንቀሳቀሳል ወይ? ሲቲ ስካን ሕመምተኛው ጸጥ ብሎ ተኝቶ የሚነሳ ስለሆነ እንቅስቃሴን በሚገባ አያሳይም። አውታሩ መንቀሳቀሱ ወይም ደርቆ መቆሙ ደግሞ ካንሰር ሆኖ ከተገኘ ደረጃውንም ሕክምናውንም ይለውጣል።

የሽሮሜዳው

ኧረ እህቴ፣ ይህ ሁሉ ሳይሆን እንጥላቸው ወርዶ ቢሆንስ? የእኛ ሰፈር አንዲት እናት አሉ፤ በአንድ ቀን ነው ቆርጠው የሚገላግሉት። አጎትሽም እውነታቸውን ነው፤ ጎረቤታችን ናሙና ተወስዶለት በሁለት ወር ሞተ።

ሲስተር የሺ

የሽሮሜዳው፣ በአክብሮት ልቃወምህ። የአንገት በላይ ክፍል ውስጥ ብዙ ዓመት የሠራሁ ነርስ ነኝ። በባህላዊ መንገድ እንጥል ተቆርጦላቸው ደም አልቆም ብሎ የመጡም፣ ኢንፌክሽን የያዛቸውም አስታምሜአለሁ። ከድምፅ አውታር በላይ ያለ እብጠት ከእንጥል ጋር ምንም አያገናኘውም።

ስለ ጎረቤትህ እግዚአብሔር ነፍሱን ይማር። ናሙና ተወስዶ የሚሞት ሰው የሚሞተው በበሽታው ነው፤ ብዙ ጊዜም ወደ ሐኪም ቤት የመጣው እጅግ ዘግይቶ ነው። በአንገት ላይ በቀጭን መርፌ ሲወሰድ ዕጢው በመርፌው መንገድ ተከትሎ መሰራጨቱ እጅግ በጣም ጥቂት ጊዜ የሚያጋጥም ነው። የአጎትየውን ፍርሃት አልንቀውም፤ በየቤታችን ያለ ፍርሃት ነው። ሰውን እስኪያንቀው ድረስ ቤት ያስቀመጠውም ይኸው ፍርሃት ነው።

አንድ እውነተኛ ጥንቃቄ ግን አለ። ጉሮሮው በደንብ ሳይታይ አንገት ላይ ያለውን ንፍፊት በቢላ ከፍቶ ማውጣት አይመከርም። መጀመሪያ ጉሮሮው በካሜራ ይታያል፤ ከዚያ ከዕጢው ቁራጭ፣ ከንፍፊቱ ደግሞ በመርፌ ይወሰዳል። የአባትሽ ሐኪም የያዘው ትክክለኛውን ቅደም ተከተል ነው። ምስሉ መቅደሙም ያለ ምክንያት አይደለም፤ ናሙና ከተወሰደ በኋላ ሥጋው ስለሚያብጥ ምስሉን ያሳስታል።

ስለ ጆሮው፦ ጉሮሮና ጆሮ የሚጋሯቸው ነርቮች አሉ። ጉሮሮ ሲጎዳ አንጎል ሕመሙን ከጆሮ እንደመጣ አድርጎ ይሰማዋል። የጆሮ ሐኪም አይቶ "ጆሮው ጤነኛ ነው" ሲል ብዙ ሰው ተደስቶ ይሄዳል። በአንድ ወገን ብቻ የሚያም፣ ሲታይ ግን ጤነኛ የሆነ ጆሮ በትልቅ ሰው ላይ ሲገጥመን እኛ ወዲያውኑ ጉሮሮ ነው የምናየው።

ንፍፊቱ የጠፋለት

ሰላም የመምህሩ ልጅ። እኔ አንገቴ ላይ እንዲህ ያለ ንፍፊት ነበረኝ፤ ወረቀቱም "አጠራጣሪ" ይል ነበር። ኑዛዜ ሁሉ አስቤ ነበር። በመርፌ ተወሰደ፤ ቲቢ ሆነ፤ 6 ወር መድኃኒት ወሰድኩ፤ ይኸው አለሁ። ስለዚህ ተስፋ አትቁረጪ።

ምስል አንባቢ

ደስ የሚል ነው፤ ግን ለአንባቢ አንድ ነገር ልጨምር። የወንድማችን ታሪክ ንፍፊት ብቻ ነው፤ የአባትሽ ደግሞ ማንቁርት ላይ ያለ ነገርም አለበት፣ ድምፅም ተነክቷል፣ የማጨስ ታሪክም አለ። ትምባሆና አልኮል አንድ ላይ ሲሆኑ ጉዳታቸው ለየብቻ ከሚያደርሱት እጅግ ይበልጣል። ስለዚህ "የእገሌ ቲቢ ነበር" ብላችሁ ቀጠሮ እንዳትሰርዙ።

ማንቁርትንም ቲቢ ይይዘዋል። ያኔ ብዙውን ጊዜ ሳንባም አብሮ ስለሚኖርበት ወደ ሌላ ሰው ይተላለፋል። ሳል ካላቸው አክታ መመርመሩንና የደረት ራጅ መነሳቱን ጠይቂ። ከንፍፊቱ የሚወሰደው ናሙናም ወደ ፓቶሎጂ ብቻ ሳይሆን ለጂን ኤክስፐርትም (የቲቢን ጀርም ለሚፈልገው ፈጣን ምርመራ) ይላክ እንደሆነ ከመርፌው በፊት ጠይቂ፤ ናሙናው በኬሚካል ውስጥ ከገባ በኋላ ማሰቡ ይዘገያል።

ድምፄ ተመለሰ

የምጽፈው ከአሜሪካ፣ ከሜሪላንድ ነው። የእኔ የማንቁርት ካንሰር ነበር፤ ልክ አውታሩ ላይ። ለሳምንታት ስጎረንን የመኪና ማቀዝቀዣ ነው እያልኩ ታክሲዬን እነዳ ነበር። አውታሩ ላይ የሚወጣ ዕጢ ገና ትንሽ ሳለ ድምፅ ስለሚያጎረንን ቶሎ ይጋለጣል፤ በጨረር ብቻ ታክሜ ዛሬ በስልክ ከእናቴ ጋር ሰዓታት አወራለሁ። ከአውታሩ በላይ የሚጀምረው ግን ቀድሞ ወደ ንፍፊት ስለሚሄድ የሕክምናው መንገድ ሊለይ ይችላል፤ የእኔን ታሪክ እንዳለ ወደ አባትሽ አትገልብጪው።

የወረቀቱን ነገር በተመለከተ እኔም ደርሶብኛል። እዚህ አገር ከ2021 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በወጣ ደንብ ምክንያት ውጤት እንደተጻፈ በስልክ ይደርስሃል፤ ሐኪሙ ገና ሳይደውል። ዓርብ ማታ ብቻዬን አነበብኩትና እስከ ሰኞ ድረስ ኢንተርኔት ላይ እየቆፈርኩ ነፍሴን አስጨነቅኋት። ያነበብኩት ሁሉ ባዮፕሲው ከወጣ በኋላ ለሚጠየቅ ጥያቄ መልስ ነበር፤ የጨረር ዓይነት፣ የመዳን ዕድል፣ አመጋገብ። የበሽታው ስም ሳይታወቅ የእሱን ሕክምና ማጥናት ትርፉ እንቅልፍ ማጣት ነው።

የአርሲ ልጅ

በነካ እጃችሁ፦ እናቴ ድምፅዋ ደህና ነው፤ ግን መጀመሪያ እንጀራ፣ አሁን ደግሞ ገንፎ እንኳ ደረቷ ላይ ይቆማል። እሷም የአንገት ሲቲ ስካን ይነሳላት?

ሲስተር የሺ

የአርሲ ልጅ፣ እናትህን አንገት ሳይሆን የምግብ ቱቦዋን ማየት ያስፈልጋል፤ በኢንዶስኮፒ፣ ማለትም በአፍ በሚገባ ካሜራ ባለው ቱቦ። ምግብ ደረት ላይ የሚቆም ከሆነ፣ ከደረቅ ጀምሮ ወደ ለስላሳው እየባሰ ከሄደ፣ የጨጓራ መድኃኒት እየቀያየራችሁ አትቆዩ። አርሲና ባሌ የምግብ ቱቦ ካንሰር በብዛት የሚታይባቸው አካባቢዎች ናቸው። በዚህ ሳምንት ውሰዳት። ለብቻህ ጥያቄ ክፈትና እንነጋገር፤ ይህንን የመምህሩን ልጅ እንጨርስላት።

የመምህሩ ልጅ

ሁላችሁንም እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ሲስተር፣ ለሰመመኑ ምን እናዘጋጅ? አሁንም ጉሮሯቸው ስለሚያማቸው አንድ ዘመድ "ዴክሳሜታሶን መርፌ ይወጉ፤ ያስተነፍሳቸዋል" ብሎ ገዝቶ አምጥቷል።

ሲስተር የሺ

መርፌውን አስቀምጡት። የስቴሮይድ መድኃኒት ሐኪሙ ሳያውቅ መሰጠት የለበትም። ነገሩ ሊምፎማ የሚባለው የንፍፊት ካንሰር ቢሆን ስቴሮይዱ ዕጢውን ለጊዜው ያሟሸሸውና ናሙናው ትክክለኛውን መልስ እንዳይሰጥ ያደርጋል። ቲቢ ከሆነም ብቻውን ሲሰጥ በሽታውን ሊያባብስ ይችላል። ትንፋሽ ካጠራቸው ግን ጉዳዩ የመርፌ ሳይሆን የድንገተኛ ክፍል ነው።

ይህንን ሁላችሁም ያዙት፦ ሲተነፍሱ የሚያፏጭ ወይም የሚያንኮራፋ ድምፅ በንቃት ሳሉ ከተሰማ፣ ምራቃቸውን መዋጥ አቅቷቸው ከተፉ፣ ጋደም ሲሉ ከታፈኑ፣ ወይም ደም ከተፉ ቀጠሮ አይጠበቅም። በሌሊትም ቢሆን ሂዱ።

ለሰመመኑ፦ ጠጣር ምግብ ቢያንስ 6 ሰዓት፣ ውኃ ደግሞ 2 ሰዓት ሲቀረው ይቆማል፤ ሆስፒታሉ ከዚህ የጠበቀ መመሪያ ከሰጣችሁ የእነሱን ተከተሉ። የሚወስዱትን መድኃኒት በሙሉ በከረጢት ይዘሽ ሂጂ፤ በተለይ አስፒሪን፣ ዋርፋሪን፣ የስኳርና የደም ግፊት። በራሳችሁ አታቋርጡ፤ መቼ እንደሚቆም የሚነግራችሁ ሐኪሙ ነው። የሚወዛወዝ ጥርስ ካላቸው ለሰመመን ባለሙያው ንገሩት፤ የሚገባው የብረት ቱቦ በጥርስ ላይ ተደግፎ ስለሚያልፍ ሊነቅለው ይችላል።

የስምምነት ፊርማው ላይ "አስፈላጊ ከሆነ አንገት ላይ የመተንፈሻ ቀዳዳ" የሚል ብታዪ አትደንግጪ። ማንቁርቱ ጠቦ ከሆነ በሰመመን ጊዜ አየር እንዳይቋረጥ የሚደረግ ጥንቃቄ ነው፤ ለሁሉም ሰው ይሠራል ማለት አይደለም። ከሂደቱ በኋላ ጉሮሮ ማመምና ለአንድ ሁለት ቀን ደም የቀላቀለ ምራቅ ይጠበቃል። ትኩስ ነገር አይጠጡ፤ ብዙ አያውሩ።

ፊርማው ግን የእሳቸው ነው። ያስተማሩ፣ ያነበቡ ሰው ናቸው፤ ምን ላይ እንደሚፈርሙ ሳያውቁ አስፈርመሽ ማስገባት አይገባሽም።

የሸዋ እናት

ልጄ፣ እኔ ትልቅ ሰው ነኝ፤ ጸበሉም እምነቱም አይቅር። ግን ጸበል ይዘውት ሂዱ እንጂ ቀጠሮውን በጸበል አትተኩት። ነገሩን ለመናገር ደግሞ ከአንቺ ይልቅ የንስሐ አባታቸው ወይም የልብ ጓደኛቸው አብሯችሁ ቢቀመጥ ይቀላል። አባት ከልጁ ፊት ፍርሃቱን አያወጣም።

የመምህሩ ልጅ

እማማ፣ ምክርዎትን ተቀብዬ ከአንድ አብሯቸው ካስተማሩ መምህር ጋር ሆነን ነገርናቸው። "ካሜራው ያየው እብጠት አለ፤ ካንሰርም ቲቢም ሊሆን ይችላል፤ ስሙ የሚታወቀው ከናሙናው ነው" አልናቸው። አላለቀሱም፤ ተቆጡ እንጂ። የተቆጡት ደግሞ አጎቴ ከእሳቸው በፊት በመስማቱ ነው! "የእኔን ጉሮሮ ጉዳይ እሱ ከእኔ ቀድሞ እንዴት ይወያይበታል?" ብለው ሁለት ቀን አኮረፉን። ከዚያ ወረቀት አምጪ ብለው የራሳቸውን ጥያቄ በቀይ እስክሪብቶ ጻፉ። የመጀመሪያው "ዳዊት ጮክ ብዬ መድገም እችል ይሆን?" የሚል ነው።

ባዮፕሲው ትናንት ተሠራ። ከማንቁርቱ ከተለያየ ቦታ ቁራጭ ተወስዷል፤ ከንፍፊቱም በመርፌ ተወስዶ ለፓቶሎጂም ለጂን ኤክስፐርትም ተልኳል። ሐኪሙ ቀኙ አውታር ሰነፍ ቢሆንም ይንቀሳቀሳል ብሎኛል። አንገታቸው አልተበሳም። ዛሬ ቀዝቀዝ ያለ አጃ ጠጥተዋል። አክስቴ ቤት ካዛንቺስ ናቸው፤ ውጤቱ እስኪመጣ ደብረ ብርሃን መመለስ ይፈልጋሉ።

ምስል አንባቢ

መንቀሳቀሱ መልካም ነው። ሁለት ነገር ልበልና ልውጣ። የጂን ኤክስፐርቱ ቶሎ ይደርሳል፤ ቲቢ የለም ቢል ግን ካንሰር ነው ማለት አይደለም፣ ቲቢ አለ ቢልም የማንቁርቱ ቁራጭ ውጤት መጠበቅ አለበት፤ ሁለቱ በአንድ ሰው ላይ አብረው የሚገኙበት ጊዜ አለ። ሁለተኛ፣ የፓቶሎጂው መልስ "የካንሰር ሕዋስ አልታየም" ወይም "ናሙናው በቂ አይደለም" ቢል ጉዳዩ ተዘጋ ማለት አይደለም። ካሜራውና ምስሉ እያጠራጠሩ ናሙናው ንጹሕ ከሆነ ሐኪሙ ድጋሚ ሊወስድ ይችላል፤ ያኔ "ተሳስተዋል" ብላችሁ ሆስፒታል አትቀይሩ።

ድምፄ ተመለሰ

ለአባባ ንገሪልኝ፤ እኔም የመጀመሪያ ጥያቄዬ መዝፈን እችላለሁ ወይ የሚል ነበር። ሐኪሜ የመለሰልኝ ውጤቱን ካየ በኋላ ነው።

ሲስተር የሺ

ደብረ ብርሃን መመለሳቸውን ሐኪሙ ይፍቀድ እንጂ ቢያንስ የመጀመሪያዎቹን ቀናት ካዛንቺስ ቢቆዩ ይሻላል፤ ቢያብጥባቸው መንገዱ ከ100 ኪሎ ሜትር በላይ ነው። ውጤቱን ልትወስጂ ስትሄጂ ወረቀቱን ብቻ ይዘሽ አትምጪ፤ የፓቶሎጂ ቁጥሩን ጻፊ፣ ቁራጩ የተቀመጠበት የሰም ብሎክ የት እንዳለም ጠይቂ። ወደ ሌላ ሐኪም ወይም ወደ ጥቁር አንበሳ የካንሰር ሕክምና ክፍል ቢላኩ መጀመሪያ የሚጠየቁት እሱን ነው። የሲቲ ስካኑንም ፊልም ወይም ሲዲ እንጂ ወረቀቱን ብቻ አይቀበሉሽም። ሐሙስ ጠዋት ላቦራቶሪው ሳይጨናነቅ ሂጂ፤ ከመሄድሽ በፊት ግን ደውለሽ መውጣቱን አረጋግጪ።